ጄኔሬተር ያልተነሳበት ሰርግ

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ እንዳለሁ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። መልእክቷ ሁልጊዜ ረጅም ነው፤ ግማሹ የዶርሙ ውሃ ስለ መጥፋቱ፣ ግማሹ ስለ ጓደኞቿ። የዚያን ቀን ግን ትንፋሽ እያጠራት፣ "አክስቴ፣ ዛሬ የተማርነውን ብነግርሽ አታምኚኝም" አለች። "ከእግራችን በታች፣ በጣም ጥልቁ ውስጥ ያለው ድንጋይ ውሃ አለው። እርጥብ አይደለም እኮ፤ ግን ውሃ አለው! ያ ውሃ ደግሞ ድንጋዩ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። አስቢው፣ ድንጋይ!"

ባጃጁ የባሮ ወንዝን ድልድይ እየተሻገረ ነበር። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ማዘር፣ ሰላም ነው?" አለኝ።

"ሰላም ነው ልጄ። አንድ ሰርግ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው፤ ጋምቤላ የመጣሁት የፊዚክስ መምህርት ሆኜ በዕጣ ደርሶኝ ነው። ዕጣው ሲነገራት እናቴ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩና "ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ በዝውውር እመለሳለሁ" ብዬ አጽናናኋት። የመጀመሪያውን በጋ ያሳለፍኩት ነጠላዬን ውሃ ነክሬ፣ እሱን ደርቤ እየተኛሁ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ሳላውቀው ተለወጠ። ማንጎ ከዛፉ ሥር ቆሜ፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ መብላት ለመድኩ። አመሻሹ ላይ ከወንዙ የሚመጣውን ነፋስ ደጃፍ ቁጭ ብዬ መጠበቅም ለመድኩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦጁሉን አገኘሁ።

ኦጁሉ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አኝዋክ ነው፤ በአቦቦ መንገድ ገባ ብሎ ያለ መንደር ልጅ። መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ዓሣ ከነእሾሁ አፌ ውስጥ አስገብቼ እሾሁን በምላሴ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። "እናንተ ደገኞች ዓሣ ስትበሉ ማትሪክ የምትፈተኑ ትመስላላችሁ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የሴሚስተር ዕረፍት ላይ አንዲት ተመራማሪ በላንድክሩዘር ትምህርት ቤታችን መጣች። ዶክተር ሰብለ ትባላለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ባርኔጣዋ ከራሷ የማይወርድ ሴት ነበረች፤ ገና በመጀመሪያው ቀን "እርስዎ ከሚለኝ ሰው ጋር መሥራት አልችልም" ብላ አንቱታውን አስጣለችን። ፊዚክስ የሚገባው ሰውና አኝዋክኛ የሚችል ሰው ለአንድ ሳምንት ፈልጋ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እኔንና ኦጁሉን ጠራን።

"የምንለካው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ከታች ያለውን ድንጋይ።"

"ምን ያህል ታች?"

ትንሽ አሰበች። "ከዚህ ጎሬ የሚያደርሰውን መንገድ ቀጥ አድርገሽ ወደ መሬት ውስጥ ብታወርጂው፣ እዚያ ድረስ። ሲሳካልን ከዚያም በላይ።"

እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ማታ እራት ላይ በወረቀት እየሣለች አስረዳችን። ከፀሐይ የሚመጣው ነገርና በዓለም ዙሪያ የሚወርደው መብረቅ ምድርን ያለማቋረጥ በኤሌክትሪክና በማግኔት ሞገድ ይነካኳታል። ፈጣኑ ሞገድ ከላይ ከላዩ ይጠፋል፤ ዝግተኛው ግን ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ እዚያም በድንጋዩ ውስጥ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። እኛ ላይ ሆነን ያንን ነው የምናዳምጠው። ከዚያ ከኪሷ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ጥንት እሳተ ገሞራ ከጥልቁ ይዞት የወጣ ነው አለችኝ።

"ይህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ውሃ አለ ብልሽ ታምኛለሽ?"

አገላበጥኩት። ክው ብሎ የደረቀ ድንጋይ ነው።

"የሚፈስ ውሃ አይደለም" አለች። "የውሃው ሃይድሮጅን በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ተሰንቅሮ ነው ያለው። እዚያ ታች ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ ሃይድሮጅኑ ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ ሲዘል ኤሌክትሪክ ይዞ ነው። በጣም ጥቂት ይበቃል። ደረቁ ድንጋይና ውሃ የያዘው ድንጋይ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኤሌክትሪክ ግን በጭራሽ አንድ አይደሉም።"

አራት ዓመት ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያን ምሽት ድንጋዩን ይዤው ቤቴ ሄድኩ፤ መልሼ የሰጠኋት በማግስቱ ነው።

መሣሪያውን የምንተክልበት ቦታ የኦጁሉ መንደር ሆነ፤ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ስለሆነ ነው የተመረጠው። የበጋው መጨረሻ ነበር። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ ስንራመድ አመዱ እስከ ጉልበታችን ይወጣል። ከመንደሩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ጨዋማ ጭቃ የተሞሉ ትንንሽ የሸክላ ዕቃዎች በአራት አቅጣጫ ቀበርን፤ ረጃጅም ገመዶች ዘረጋን፤ የማግኔቱን መለኪያ ለብቻው አፈር አለበስነው። ሾፌራችን ጋሽ ደረጀ ቴክኒሻንም ነው፤ አካፋውን ባነሳ ቁጥር "እኔ የተቀጠርኩት መኪና ልነዳ ነው" ይላል፤ ግን ከሁላችንም በላይ የቆፈረው እሱ ነው። መሣሪያው ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳይቋረጥ ማዳመጥ ነበረበት። ዝግተኛው ሞገድ ትዕግሥት ይፈልጋል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የኦጁሉ ታናሽ እህት አሪያት ታገባ ነበር። እኛም ተጠርተናል፤ ደስ ብሎን ነበር የተዘጋጀነው። ሐሙስ መሣሪያው ሥራ ጀመረ። ዓርብ ጠዋት ግን ኦጁሉ ፊቱ ተለውጦ መጣ።

"ከከተማ ጄኔሬተር አምጥተዋል" አለ። "የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ኪቦርድና ስፒከር ተከራይተዋል። እኔም አሁን ነው ያየሁት። ነገ ደግሞ እንግዳ የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች ይመጣሉ።"

ዶክተር ሰብለ አካፋው ላይ ተደግፋ ቆመች። "ጄኔሬተሩ ከተነሳ የምንሰማው እሱን ብቻ ነው" አለች። "መኪናውም ሲያልፍ ማግኔቱን ያናውጠዋል።" መሣሪያውን ነቅለን እንደገና እንዳንጀምር ሰኞ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለበት፤ በጎሬ በኩል ደግሞ ደመናው መከማቸት ጀምሯል። ሰብለ ከወራት በፊት ጀምራ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትለካ የመጣችው መስመር የሚያልቀው እዚህ ነው። ይህ ከቀረ መስመሩ መጨረሻ የለውም።

"ችግር የለም" አለ ጋሽ ደረጀ። "የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርላችኋል በሏቸው። እሺ ይላሉ።"

"ማነው የሚቆፍረው?" አለች ሰብለ።

"በኋላ ማን ይጠይቃል?"

"እኔ አልዋሽም" አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አስተማሪ አንቺ ነሽ። አንቺ አስረጂያቸው።"

ከትልቁ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። የአሪያት አባት አቶ ኦሞድ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች፣ አኩርፈው የቆሙ መዘምራን፣ ከሁሉ መሐል ደግሞ ፒፓቸውን እያጨሱ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት የኦጁሉ አያት፣ እማማ አባንግ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ኦጁሉ ያስተረጉማል። ጄኔሬተሩ እንዳይነሳ፣ መኪኖቹም ዋናው መንገድ ላይ እንዲቆሙ ለመንኩ።

እማማ አባንግ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። "የምትፈልጉት ወርቅ ነው?"

"አይደለም።"

"ነዳጅ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለእኛ ምን ይገኝበታል?"

ያን ጊዜ ከወንዝ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች በአጠገባችን እያለፉ ነበር። የጋሽ ደረጀ ቃል ምላሴ ላይ መጣ። "ምናልባት" ብዬ ጀመርኩ፤ "ምናልባት ወደፊት..." ሰብለን አየኋት። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ፊቴ ጋለ።

"ምንም" አልኩ። "ለእናንተ ምንም አይገኝበትም።"

ኦጁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። "ምንም ልበል?"

"ምንም በል።"

አንዲት ቃል ተናገረ። በቃ፣ አለቀልን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እማማ አባንግ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ኦጁሉም እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ "እስከ ዛሬ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ቃል ገብቶልን ሄዷል። ምንም ብሎ የመጣ ሰው አይተን አናውቅም። እንግዲያውስ ንገሩን፤ ለምንም ነገር ብሎ ሰው ይህን ያህል የሚቆፍረው ምን ሊያይ ነው?"

አረንጓዴውን ድንጋይ ከሰብለ ተቀብዬ ሰጠኋቸው። ውሃ እንዳለው ነገርኳቸው። ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት፤ አሸተቱት። "ደረቅ ነው" አሉ። "ውሃው የቱ ጋ ነው?" ስለ ሃይድሮጅን ማውራት ጀመርኩ፤ ኦጁሉ አኝዋክኛው አለቀበት፤ መዘምራኑ እርስ በርሳቸው ማውራት ጀመሩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠፋብኝ እንደማደርገው ዙሪያዬን ስመለከት ምንጣፍ ላይ የተሰጣውን በቆሎ አየሁ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ካለፈው ምርት የተቀመጠ፣ ሌላው ደግሞ ለሰርጉ ተብሎ ከወንዙ ዳር በዚያ ሳምንት የተሰበሰበ። ከጋሽ ደረጀ ኤሌክትሪክ ማለፉን በቀስት የሚያሳየውን ቴስተር ወሰድኩ። ሁለቱን መርፌዎች አዲሱ ፍሬ ላይ ወጋኋቸው፤ ቀስቱ ተነቃነቀ። አሮጌው ላይ ወጋኋቸው፤ ቀስቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

"ሁለቱንም ንኳቸው" አልኩ። "ሁለቱም እጅ አያርሱም። ሁለቱም ሲጨመቁ ጠብታ አይወጣቸውም። ግን አንደኛው ውስጡ ውሃ ይዟል፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው። ድንጋዩም በዚህ ዓይነት ነው።"

ሰዉ ከቦታው ተነስቶ ከበበኝ። እማማ አባንግ ግን አልተደነቁም። "ይህን ለማወቅ ሽቦ ያስፈልጋል?" አሉና አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ቀጨም አደረጉ። "ይህ ውሃ አለው። ጎተራ ቢገባ ይሻግታል።"

ውድድር ሆነ። ኦጁሉ ከአንድ በቆሎ ሁለት ሁለት ፍሬ ይፈለፍላል፤ አንዱን ለአያቱ ጥርስ፣ አንዱን ለእኔ ቴስተር ይሰጣል። እሳቸው ቀድመው ይፈርዳሉ፤ እኔ እወጋለሁ። ውሃ አለው፤ ቀስቱ ይነሳል። የለውም፤ ቀስቱ ይተኛል። በእያንዳንዱ ፍሬ ጩኸቱ እየበረታ ሄደ። ሰባተኛው ላይ "አለው" አሉ፤ ቀስቱ ግን አልተነሳም። ደግሜ ወጋሁት፤ አልተነሳም።

"ማሽናችሁ ተሳስቷል" አሉ እማማ አባንግ፣ ፒፓቸውን መልሰው እየለኮሱ።

ዶክተር ሰብለ ጎንበስ ብላ ፍሬውን አየችና መርፌውን ገፋ አደረገችው። ቆዳውን አልበሳውም ነበር። በሳው፤ ቀስቱም ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ሆታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ደረጀ ሳይቀር አጨበጨበ።

እማማ አባንግ መሬቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "እንግዲህ የምትፈልጉት ይህ ከታች ያለው ድንጋይ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ውሃ የያዘው ነው ወይስ ደረቁ።"

"አዎ እማማ!" አልኩ በደስታ። "ልክ እሱን!"

"ጥርሳችሁ እዚያ ስለማይደርስ።"

"ስለማይደርስ።"

አቶ ኦሞድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገሩ ገብቶኛል። ግን ሰርጉ የእኔ አይደለም፤ የአሪያት ነው። እሷን ጠይቁ።"

አሪያት ከመዘምራኑ መሐል ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ኪቦርድ ለመዘመር ሲለማመዱ ከርመዋል። ቀጥታ ወደ እኔ መጣች፤ ያስተረጎመላት ሰው የለም።

"ቲቸር፣ እኛ ስንዘምር ማሽኑ ይሰማል?"

"የሰው ድምፅ አይሰማም። የሚረብሸው ሞተሩ ነው።"

"ከበሮስ?"

"ከሜዳው ከራቀ ምንም አይልም።"

ዞር ብላ ለጓደኞቿ ተናገረች። ክርክር ተነሳ። ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ረጅም ቁጡ ወጣት፣ እጁን እያወራጨ ብዙ ተናገረ። አሪያት አስጨርሳው አጭር ነገር መለሰችለት፤ ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ኦጁሉ ዕንባውን እየጠረገ "ኪቦርዱን ይህን ያህል ከወደድከው አንተ አግባው አለችው" አለኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አይሱዙዎቹ ዋናው መንገድ ላይ ቆሙ። እንግዶቹ ምክንያቱ ሲነገራቸው መጀመሪያ ያጉረመረሙ መሰለኝ። ከዚያ ግን በተቃጠለው ሣር መሐል፣ በቀጭኗ መንገድ፣ ሱፍ የለበሱ ወንዶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሴቶች ጃንጥላ ዘርግተው፣ እየዘመሩ ሲመጡ አየናቸው። ከሩቅ ረጅም ባለቀለም ሰልፍ ይመስላሉ። አሪያት ከቤት ወጥታ አየቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች። እንደ ልማዱ ቢሆን በመኪና ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው በአምስት ደቂቃ ይደርሱ ነበር። አሁን ግን ሙሽራዋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተዘመረላት የሚመጣውን ሕዝብ ቆማ ተቀበለች።

ስፒከር ስለሌለ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ቆመ። መዝሙሩ በአራት ድምፅ ተከፍሎ፣ በከበሮ ብቻ ሲወጣ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከበሮውን የያዘው ያ ያኮረፈው ወጣት ነበር፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበት፣ ጥርሱ አልከደን ብሎ። የተጠበሰ ዓሣ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ማንጎ በላን። ጋሽ ደረጀ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገብቶ ሲጨፍር ከኦጁሉ በቀር የበለጠው አልነበረም። ዶክተር ሰብለ በየሰዓቱ ወደ ሜዳው እየሮጠች ትሄዳለች፤ ስትመለስ ባርኔጣዋን ከሩቅ ታወዛውዝልናለች፤ እኛ ደግሞ እልል እንላለን። እማማ አባንግ እልልታውን በሰሙ ቁጥር "ምን አለ? ምን አለ ድንጋዩ?" ይሉ ነበር።

እሑድ መሣሪያውን ነቀልን። ሰብለ መኪናው ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ እኛ በመስኮት አንገታችንን አስገብተን አየን። የሦስት ቀኑ ልኬት ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከጥልቁ የመጣው ክፍል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እዚያ ታች ያለው ድንጋይ፣ ደረቅ ቢሆን ከሚጠበቀው በላይ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ሳቀች፤ ከዚያ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፋች፤ ቆይቼ ነው እያለቀሰች መሆኑ የገባኝ።

"ውሃ ነው?" አልኳት።

"ሊሆን ይችላል። የቀለጠ ድንጋይም ሊሆን ይችላል፤ ግራፋይትም ሊሆን ይችላል። ገና ብዙ መሥራት አለብኝ።"

በቀጣዩ በጋ ሰብለ የደረሰችበትን ልትነግራቸው ብላ ብቻ መንደሩ ድረስ ተመልሳ መጣች። ውሃ የያዘ ድንጋይ ይመስለኛል አለቻቸው። እማማ አባንግ "እርግጠኛ ነሽ?" አሏት። "አይደለሁም" አለች። "እንግዲያስ ሌላም ፍሬ ንከሺ" አሏት። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አሪያት ነርስ ሆነች፤ አራት ልጆች አሏት። እኔም የዝውውር ቅጹን ሳልሞላ ቀረሁ፤ ለእናቴ የነገርኳት ሁለት ዓመት ዕድሜ ልክ ሆነ።

ወጣት ሳለሁ መደነቅ የጠገበ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። ውሃ ከወንዝ የሚቀዳ ሰው የሚፈልገው ጥቅም ብቻ ነው፣ እሱን ይዘን ካልቀረብን አይሰማንም ብዬ አስብ ነበር። ለዚህ ነው ያን ቀን ልዋሽ የነበረው። ያን ጊዜ የናቅሁት ማንን እንደነበር ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ሳቅ ይመጣብኝና ሐፍረቱ ይለቀኛል። ምንም አታገኙም የተባሉ ሰዎች ለማወቅ ብቻ ብለው የልጃቸውን ሰርግ ለወጡልን። ከዚያ የበለጠ ስጦታ በሕይወቴ የሰጠኝ ሰው የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጥቂት ልጆችን አስጠናለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሞገድ ሳስረዳ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይህ ምን ይጠቅመናል?" አለች። ድሮ ቢሆን ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ሐኪም ቤት እያልኩ እዘረዝርላት ነበር።

"ምን እንደሚጠቅምሽ አላውቅም" አልኳት። "ግን ደስ የሚል ነገር ነው። ልንገርሽ?"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።